ከ«ማ» እስከ «ዶ»

በበርማ፣ በዛሬዋ ምያንማር፣ ሴት ልጅ ስታገባ ስሟ አይለወጥም። እንደ እኛው ሁሉ በበርማዎች ልማድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ ሚስት በባሏ ስም አትጠራም። ይህስ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ከስም በፊት የሚቀመጠው ቃል ነው። ወጣቷ «ማ» ትባላለች፤ ትርጉሙም «እህት» ነው። ዕድሜዋ ሲገፋ ወይም በሥራዋ ስትከበር «ዶ» ትሆናለች፤ ይኸውም «አክስት» እንደ ማለት ነው። አገባች አላገባች ብሎ የሚጠይቃት የለም። በእኛ ዘንድ ግን «ወይዘሮ ነሽ ወይስ ወይዘሪት?» ተብላ በየቅጹ ላይ የምትጠየቀው ሴቷ ብቻ ናት። አቶ ላጤም ቢሆን አቶ ነው! «ወይዘሮ» ራሱ ጥንት የመኳንንት ሴቶች መጠሪያ ነበር፤ ወደ ሁላችንም ሲወርድ የጋብቻ ምልክት ሆኖ ቀረ።

እንዲህ ሲባል ግን የበርማ ሴት በማዕረግ ከወንዱ እኩል ነበረች ማለት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1752 እስከ 1885 በገዛው በኮንባውንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ንግሥት «ሚባያ» ትባል ነበር። የንጉሡ አራት ዋና ዋና ንግሥቶች የሚጠሩት በየእልፍኛቸው አቅጣጫ ነው፦ የደቡብ፣ የሰሜን፣ የመካከልና የምዕራብ። የበላይዋ የደቡቧ ናት። ከእነርሱ በታች ያሉት ሚስቶች ብዙ ነበሩ፤ ንጉሥ ሚንዶን ብቻውን ከ40 በላይ ሚስቶች ነበሩት።

ከማዕረጎቹ ሁሉ ይበልጥ ገላጭ የሆነው «ምዮዛ» የሚለው ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «ከተማ በላ» ማለት ነው። ልዑላኑና ንግሥቶቹ የአንድ ከተማ ግብር ይሰጣቸውና በዚያው ከተማ ስም ይጠራሉ። ሚንዶንም ሆነ ልጁ ቲባው ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው። ጉልት ምን እንደነበረ የሚያውቅ የአገራችን ሰው፣ የሚበላው ከተማው ሳይሆን የገበሬውና የሚስቱ ላብ እንደነበረ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሴቶቹ ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ሥልጣን ያገኙት በጓዳ በር ነበር። ሚንዶን በ1878 ሲሞት ቲባውን ለዙፋን ያበቁት የመካከሏ እልፍኝ ንግሥት፣ «የነጭ ዝሆን እመቤት» የተባሉት ናቸው። ልጃቸው ሱፓያላት የቲባው ሚስት ሆና በባሏ ላይ ስለነበራት ተሰሚነት ብዙ ተጽፏል። ሆኖም ማዕረጓ የቆመው በእርሱ ዙፋን ላይ ነበርና እንግሊዞች በ1885 ማንዳሌን ሲይዙ አብራው ወደ ሕንድ ተጋዘች። ቲባው በስደት በ1916 ሞተ፤ እርሷ በ1919 ወደ ራንጉን ተመልሳ በ1925 አረፈች።

«ሚባያ» ከቤተ መንግሥቱ ጋር ሲቀር «ማ» እና «ዶ» ግን ዛሬም በገበያውም በመሥሪያ ቤቱም ይሠራባቸዋል። በ1960 በሕንድ የበርማ አምባሳደር ሆነው የተሾሙት ሴት ዶ ኪን ቺ ይባሉ ነበር። ልጃቸው አውንግ ሳን ሱ ቺ «አውንግ ሳን»ን ከአባታቸው፣ «ሱ»ን ከአባታቸው እናት፣ «ቺ»ን ደግሞ ከእናታቸው ወስደዋል። እንግሊዛዊ አግብተው ሳለ እንኳ ከባላቸው ስም አንድ ፊደል አልጨመሩም።