የናፍጣ መኪና ጢስ ማጥሪያ ሲበላሽ መጠገን እንጂ ማሰናከል አይበጅም

ለንግድ ሥራ የሚያገለግል መኪና ለባለቤቱ እንደ መደብሩና እንደ ሚዛኑ ያለ የሥራ መሣሪያ ስለ ሆነ፥ አንድ ቀን ሳይሠራ ቢውል ጉዳቱ በባለመኪናው ብቻ ሳይወሰን ዕቃውን ለሚጠብቀው ነጋዴና ለሸማቹም ይተርፋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አዳዲሶቹን የናፍጣ መኪናዎች ከሥራ ከሚያግዷቸው ምክንያቶች አንዱ፥ ሞተሩ ወይም ማርሹ ሳይሆን፥ የጢስ ማጥሪያ ፈሳሽ በሚቀመጥበት ታንክ ውስጥ የተተከለ አነስተኛ ሴንሰር ሆኖ ተገኝቷል። ዕቃው ትንሽ ቢሆንም የሚያስከትለው ኪሣራ ትንሽ ስላይደለ፥ ነጋዴውና የመለዋወጫ አስመጪው ጉዳዩን በጥሞና ሊመለከቱት ይገባል።

ነገሩ በተለይ በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉት ከተሞች የሚያሳስብ ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታም በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ ሲሆን፥ ኮዬ ፈጬ ደግሞ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ አጠገብ ናት። እነዚህ ቦታዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ኢትዮጵያ ከውጭ ከምታስገባውና ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ ከ90 በመቶ የሚበልጠው በጂቡቲ በኩል የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ የናፍጣ መኪና የማይመላለስበት ሰዓት የለም። ስለዚህ የመኪናው ጤንነት የንግዱ ጤንነት ነው፤ ከማርሚታው የሚወጣውም ጢስ በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሕዝብ የሚተነፍሰው ነው።

የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ለፍርድ ይረዳል። ፈሳሹ በገበያ አድብሉ እየተባለ የሚጠራ ሲሆን፥ ከመቶው 32.5 እጅ ዩሪያ፥ 67.5 እጅ ደግሞ ማዕድን የወጣለት ንጹሕ ውሃ ነው። መሣሪያው ይህን ፈሳሽ በትኩሱ ጢስ ላይ ሲረጨው ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያውም ካታሊስት በሚባለው ክፍል ውስጥ ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ፥ ያ ሳንባን የሚጐዳ ጋዝ ወደ ናይትሮጅንና ወደ ውሃ ተን ይለወጣል። በታንኩ ውስጥ ያለው ሴንሰር የፈሳሹን ከፍታ፥ ሙቀትና፥ በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ፥ ጥራቱንም እየለካ ለመኪናው ኮምፒውተር ያስታውቃል። መልእክቱ ሲቋረጥ ወይም ሲዛባ ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል፤ ቀጥሎ መኪናው ሊሄድ የሚችልበትን ኪሎ ሜትር እየቀነሰ ይቈጥራል፤ በመጨረሻም አውቶሞቢሉ አንድ ጊዜ ከጠፋ ዳግመኛ እንዳይነሣ፥ የጭነት መኪናውም ጉልበቱ እንዲቀንስ ያደርጋል።

እንግዲህ ሞተሩ ፍጹም ደኅና ሆኖ ሳለ፥ ታንኩም ሞልቶ ሳለ፥ መኪናው ሊቆም ይችላል ማለት ነው። ባለመኪናው በዚህ ቢቈጣ አይፈረድበትም። ቍጣው ወደሚያመራበት መንገድ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አንዳንድ ሰዎች የሚመርጡት የኮምፒውተሩን ትእዛዝ አስለውጦ መሣሪያው ጭራሹን እንዳይሠራ ማድረግ ነው። መብራቱ ይጠፋል፤ መኪናው ይነሣል፤ ፈሳሽ መግዛትም ይቀራል። ይሁን እንጂ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንዲሉ፥ የጠፋው መብራቱ እንጂ ብልሽቱ አይደለም። መኪናው በተሠራበት ደረጃ መሥራቱ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩን የነካካው ሰው ሥራውን ያላወቀበት እንደ ሆነ ሌላ ብልሽት ይከተላል፤ ወደ ፊት መኪናውን የሚገዛውም ሰው ያልተነገረውን ጕድለት አብሮ ይገዛል።

የሚበጀው መንገድ ብልሽቱን በቅደም ተከተል መርምሮ መለየት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ፈሳሹ ይመርመር። ጥሩው ፈሳሽ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ሲሆን፥ የዩሪያው መጠን በብርሃን በሚለካ አነስተኛ የእጅ መሣሪያ በጥቂት ደቂቃ ይታወቃል። ውሃ የተቀላቀለበት ወይም የቈየ ፈሳሽ ከሆነ፥ ሴንሰሩ ያሳወቀው እውነቱን ነውና እርሱን ለመለወጥ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ፊውዙ፥ ሽቦውና መገናኛው ይታይ። ዩሪያ ሲደርቅ ነጭ ጨው መሳይ ነገር እየሆነ በመገናኛው ላይ ስለሚጋገር መዳቡን ይበላዋል፤ ብዙ ጊዜ ተበላሸ የተባለው ሴንሰር መገናኛው ሲጸዳ ወይም ሽቦው ሲታደስ ይድናል። በሦስተኛ ደረጃ የኮምፒውተር መመርመሪያ ተሰክቶ ሴንሰሩ የሚናገረው ከፍታ በታንኩ ውስጥ ካለው ጋር ይመዛዘን። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥፋቱ የሴንሰሩ ሆኖ ሲገኝ ብቻ መለወጥ ይገባል። ከተለወጠም በኋላ አዲሱን ዕቃ ለኮምፒውተሩ ማስተዋወቅና የቀድሞውን የብልሽት መዝገብ ማጥፋት የሥራው ክፍል ነው፤ ይህ ሳይደረግ ቀርቶ አዲሱ ሴንሰር ተበላሽቷል ተብሎ እንዳይጣል መጠንቀቅ ያሻል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ፈሳሹ የሚረጋው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ሲደርስ ስለ ሆነ፥ ለአውሮፓ ክረምት ተብሎ በታንኩ ውስጥ ማሞቂያ ይገጠማል። በሸገር ከተሞች፥ በሱሉልታ ብርድ እንኳ ቢሆን፥ ማሞቂያው የሚያስፈልግበት ቀን የለም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም እርሱ ሲቃጠል ኮምፒውተሩ እንደ ከባድ ብልሽት ቈጥሮ መብራቱን ያበራል። በብዙ አውቶሞቢሎች ላይ ማሞቂያው፥ ሴንሰሩና ፓምፑ ከታንኩ ጋር አንድ ሆነው ስለሚሸጡ፥ ትንሿ ዕቃ በተበላሸች ቍጥር ሙሉው ታንክ ይገዛ ይባላል። የባለመኪናው ምሬት ከሁሉ የሚበረታው እዚህ ላይ ነው፤ ምሬቱም እውነተኛ ነው።

ይህ ምሬት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሚገኙ ገበሬዎችና የጭነት መኪና ባለቤቶች በተመሳሳይ ብልሽት መንገድ ላይ እየቆሙ ለብዙ ጊዜ አቤት ሲሉ ቈይተው፥ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ፋብሪካዎቹ የመኪናው ጉልበት በድንገት እንዳይቀንስና ለጥገና በቂ ጊዜ እንዲገኝ ኮምፒውተሩን እንዲያሻሽሉ ጠይቋል። መመሪያው የተመለከተው ጊዜ መስጠትን እንጂ መሣሪያውን ማንሣትን አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ማሰናከል የሚያስከትለውን ዕዳ ደግሞ ዓለም በቮልስዋገን አይቶታል። ፋብሪካው በፍተሻ ጊዜ ብቻ ጢሱን የሚያጠራ ትእዛዝ በኮምፒውተሩ ውስጥ መደበቁ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ፥ ነገሩ 11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን የሚመለከት ሆኖ በቢሊዮን ዶላር የሚቈጠር ቅጣትና ካሣ አስከፍሎታል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚያጠብቁት ሁለት ነገሮች አሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ወሰነ፥ ቀድሞ የገባው የናፍጣ አውቶሞቢል ለብዙ ዓመት ተጠግኖ ማገልገል ይኖርበታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ በብር ሲታሰብ እጅግ ተወዷል። ሽቦ በማጽዳት ሊድን የሚችለውን መኪና ሙሉ ታንክ ማስለወጥ እንግዲህ የባለቤቱን ኪስ ብቻ ሳይሆን የአገሪቱንም ምንዛሪ ማባከን ይሆናል።

ከዚህ ተነሥቶ ከነጋዴው የሚጠበቀው ሥራ ግልጽ ነው። አንደኛ፥ አስመጪው ከሙሉው ታንክ ጋር ብቻውን የሚለወጠውን ሴንሰርና የመገናኛ ሽቦውን ለይቶ ያምጣ። ዕቃው በመርካቶ ሶማሌ ተራ ብቻ ሳይወሰን በኮዬ ፈጬ፥ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ መደብሮችም ቢገኝ፥ ባለጋራዡ አንድ ቀን በፍለጋ አያጠፋም።

ሁለተኛ፥ ፈሳሹ በዓለም አቀፉ ደረጃ በአይኤስኦ 22241 የተመረተ መሆኑ በወረቀቱ ይረጋገጥ፤ የተመረተበትም ቀን በዕቃው ላይ ይታይ። ይህ ፈሳሽ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት 18 ወር ሲቈይ፥ በ35 ዲግሪ ግን 6 ወር ብቻ ነው የሚቈየው። በጂቡቲ የበጋ ፀሐይ በኮንቴይነር ውስጥ የከረመ ዕቃ ሱሉልታ ሲደርስ ዕድሜው አልቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስመጪው የመርከቡን ጊዜ መምረጥ፥ ወደብ ላይ እንዳይቈይበት መጣደፍና ሲረከብም ማስመርመር ይኖርበታል። የማዳበሪያ ዩሪያን በቧንቧ ውሃ በጥብጦ የሚሸጥ ሰው ከተገኘ ግን፥ የውሃው ኖራና የማዳበሪያው ባዕድ ነገር መርጫውን ደፍኖ ካታሊስቱን ስለሚያበላሽ፥ የሸጠው ፈሳሽ ሳይሆን ብልሽት መሆኑን ሸማቹ ሊያውቅ ይገባዋል።

ሦስተኛ፥ ባለጋራዦች በየግላቸው መግዛት የማይችሉትን የኮምፒውተር መመርመሪያ በማኅበር ሆነው ይግዙ፤ ለሠራተኞቻቸውም ትምህርት ያሰጡ። የምርመራው ውጤት ከሒሳቡ ጋር በጽሑፍ ለባለመኪናው ቢሰጥ፥ በጥገናና በንግድ መካከል ያለው መተማመን ይጠነክራል።

በአንድ ምንጭ ብቻ መንጠልጠልም አደጋ እንዳለው መታሰብ አለበት። ቻይና በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የዩሪያን ወደ ውጭ መላክ በገደበች ጊዜ፥ ለኢንዱስትሪ የሚሆነውን ዩሪያ ከሞላ ጐደል ከዚያ ታመጣ የነበረችው ደቡብ ኮሪያ የጭነት መኪናዎቿ ሊቆሙባት ስለ ተቃረቡ፥ በኅዳር ወር በጦር አውሮፕላን ከአውስትራልያ 27,000 ሊትር ፈሳሽ ለማስመጣት ተገዳለች። ኢትዮጵያ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም ተዋውላለች። የፋብሪካው ዋና ዓላማ ማዳበሪያ ቢሆንም፥ ለመኪና የሚበቃ ንጹሕ ዩሪያ በአገር ውስጥ የሚገኝበትን መንገድ ከወዲሁ ማጥናት ለባለሀብቶች የተገባ ሥራ ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ መብት በፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን በጋራዥና በመለዋወጫ መደብርም የሚጠበቅ ነው። ባለመኪናው መሣሪያውን የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ ክፋት አስቦ ሳይሆን፥ ዕቃውንና ባለሙያውን በቅርብ በማጣቱ ነው። ንግድ ዕቃውንና ሙያውን ካቀረበለት፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ መብራቱ በበራ ቀን መኪናውን ይዞ ወደ ጋራዥ መሄድ ይቀለዋል። የንግድ ምክር ቤቶችም አስመጪዎችንና ባለጋራዦችን በአንድ ጉባኤ ሰብስበው በዚህ ነገር ቢያነጋግሩ፥ ለአባሎቻቸው ገበያ፥ ለሕዝቡም ንጹሕ አየር የሚያስገኝ ሥራ ይሆናል።