ሐይቁ ተወልዷል፤ አልበሙስ?

እስኪ ሞባይላችሁን አውጡና «ንጋት ሐይቅ» ብላችሁ ፎቶ ፈልጉ። ምን መጣላችሁ? በአብዛኛው ኮንክሪት ነው። ቀጥሎ ተርባይን። ቀጥሎ ባንዲራ የለበሰ ሰው፣ ከኋላው ደግሞ... ኮንክሪት።

መቼም አይፈረድብንም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ ጀምሮ ወላጆቻችን ከደሞዛቸው እየቆረጡ ቦንድ የገዙት ለዚያ ኮንክሪት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም ያጨበጨብነው ለእሱ ነው። ነገር ግን ከኮንክሪቱ ጀርባ ሌላ ፍጥረት ተወልዷል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መሞላት የጀመረ፣ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሐይቅ። የጣናን ግማሽ ይበልጣል። በአንድ ወገን መተከል፣ በሌላ ወገን አሶሳና ካማሺ ተቀምጠው ይመለከቱታል።

የሕፃን ልጅ ፎቶ ካደገ በኋላ አይነሣም። የሐይቅም እንደዚያው ነው። የእኔ ክርክር አጭር ናት፦ የንጋት ሐይቅን የሕፃንነት አልበም የሚሠሩት የአሶሳና የአካባቢው ወጣቶች መሆን አለባቸው፤ አልበሙ ደግሞ ከወፎቹ መጀመር አለበት። ለዚህም ግልጽ ፈቃድ ይሰጣቸው።

«ስንት ችግር እያለ ስለ ወፍ ታወራለህ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልመልስ።

ወፍ የሐይቁ የመጀመሪያ ሪፖርተር ነው። ውኃ የዋጣቸው ዛፎች ደርቀው ሲቆሙ ዓሣ በል ንስር መጥቶ ጫፋቸው ላይ ይቀመጣል። ንስሩ ከመጣ ዓሣ አለ ማለት ነው። በዳርቻው ጭቃ ላይ ምንቃራቸውን እየወጉ የሚመላለሱ ትንንሽ ወፎች ካያችሁ፣ ጭቃው ውስጥ ትልና ነፍሳት ተራብተዋል ማለት ነው። ወፎቹ በአንድ ወቅት በብዛት ይመጡ የነበሩ ሆነው ድንገት ከቀሩ ደግሞ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ከሐይቁ ዓሣ አውጥቶ ለሚኖር ሰው ይህ ወሬ የቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ ነው «ባሕርይ ፎቶ አንሡ» የምለው። ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ካሜራ የሚያይ ወፍ ያምራል፤ የሚነግረን ግን ስሙን ብቻ ነው። ዓሣውን ሳይውጥ በምንቃሩ ይዞ የሚበር ወፍ ግን አንድ ቦታ ጫጩት እንዳለው ይነግረናል። ጭራሮ የያዘ ወፍ ጎጆ እየሠራ ነው። ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቅ ጥቁር ወፍ አሁን ከውኃ ውስጥ ከአደን መውጣቱ ነው። ቀንና ቦታ የተጻፈበት እንዲህ ያለ ፎቶ ማስረጃ ነው። ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ ግን ላይክ ብቻ ነው።

አንዷን ወፍ ልንገራችሁ። በእንግሊዝኛ «የግብፅ ፕሎቨር» ይሏታል። ስሟ የግብፅ ይሁን እንጂ ዛሬ ግብፅ ውስጥ አትገኝም፤ የዓባይ ገባር በሆነው በጀማ ወንዝ ላይ ግን ወፍ ተመልካቾች ያዩዋታል። (በዓባይ ጉዳይ ከማን ወገን እንደሆነች ለእናንተ ትቼዋለሁ።) ይህች ወፍ እንቁላሏን ወንዝ ዳር አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች። ፀሐዩ ሲበረታ ሄዳ የሆዷን ላባ ውኃ ውስጥ ነክራ ትመለስና አሸዋውን ታረጥባለች፤ እንቁላሉ እንዳይበስል። ከ2,400 ዓመት በፊት ሄሮዶቱስ የአዞን አፍ የምታጸዳ ወፍ አለች ብሎ ጽፏል፤ ብዙዎች እሷ ናት ይላሉ። እስካሁን ግን ይህን የሚያረጋግጥ የታመነ ፎቶ ያመጣ የለም። ይኸው የሥራ ዕድል!

ቀልዱን ትተን ቁም ነገሩን እንያዝ። ይህች ወፍ የምትኖረው በአሸዋ ነው። ከግድቡ በላይ የነበረው የወንዝ ዳር አሸዋ ውኃ ዋጠው። ከግድቡ በታች ደግሞ ወንዙ እንደ ድሮው በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚጎድል ሳይሆን የሚለቀቅለትን የሚወርድ ሆኗል። የወንዝ ዳር ገደል ቆፍረው የሚፈለፍሉት ቀያይ ንብ በል ወፎችም ጥያቄያቸው ይኸው ነው። ገደሉ ሲሰምጥ ወዴት ይሄዳሉ? ይህን ከቢሮ ሆኖ መመለስ አይቻልም። አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ዳርቻውን በእግሩ መዞር አለበት።

ሰው የሠራው ሐይቅ የወፍ አገር ሊሆን እንደሚችል ደግሞ ከእኛው አገር እናውቃለን። ቆቃ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለመብራት ተብሎ የተገደበ ውኃ ነው፤ ዛሬ በዓለም አቀፍ የወፍ መዝገብ ስሙ የሰፈረ ቦታ ሆኗል። ተቃራኒውንም አይተናል። ፔሊካኖች በሻላ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ ዓሣቸውን የሚያጠምዱት በጎረቤቱ በአቢጃታ ነበር። አቢጃታ እየሸሸ፣ ጨውነቱ እየበዛ ሲሄድ ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኖቹም ምግብ ፍለጋ ርቀው መሄድ ግድ ሆነባቸው። ይህን ለማወቅ የቻልነው አቢጃታ ሙሉ በነበረበት ዘመን የቆጠሩና ፎቶ ያነሡ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ለንጋት እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚያስፈልጉት ዛሬ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ረዥም ሌንስ አንገት ላይ ማንጠልጠል እንደ ቢሾፍቱ ቀላል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ካማሺ ላይ የጀመረውና ወደ መተከል የዘለቀው ግጭት ብዙ ሰው ገድሏል፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ አፈናቅሏል። ግድቡም ጠላት የማያጣ ግድብ ነው። ስለዚህ ጥበቃ ካሜራ ሲያይ ቢደነግጥ አልፈርድበትም።

ግን ግድቡና ሐይቁ አንድ አይደሉም። ዋናው ግድብ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐይቁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ዳርቻ አለው። ከግድቡ ራቅ ብለው የታወቁ ሁለት ሦስት የመመልከቻ ቦታዎች ይሰየሙ። የአንድ ገጽ ፈቃድ ይዘጋጅ፤ የሚሰጠው ቢሮም አንድ ይሁን። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ተማሪ አለ፣ የ1966ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ልምድ አለው። በዓለም ዙሪያ የውኃ ወፎች የሚቆጠሩት በየዓመቱ በጃንዋሪ፣ ማለትም በእኛ ጥር አካባቢ ነው። ከአውሮፓ የሚመጡት እንግዶች ያኔ እዚሁ ናቸው። ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ወር የለም።

ፈቃድ ስንጠይቅ ግን እኛም ጨዋ እንሁን። ለ«በረራ ፎቶ» ብሎ ድንጋይ የሚወረውር ሰው ፎቶ አንሺ አይባልም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በጉባ ቆላ አንዲት እናት ወፍ ከጎጆዋ ለጥቂት ደቂቃ ብትነሣ እንቁላሉ ሊበስል ይችላል። በስልክ የወፍ ድምፅ እያጫወቱ መጥራት ይቅር። ድሮን ይቅር፤ ወፉም ጥበቃውም አይወደውም። የጎጆ ቦታ ፌስቡክ ላይ አይለጠፍ። ወፉ ሥራውን አቁሞ እናንተን ማየት ከጀመረ በጣም ቀርባችኋል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ!

የመጨረሻው ነገር፦ ስም። ሐይቁ ሲሞላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከወንዙ ዳር ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል። ጉሙዙ፣ በርታው፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው በየቋንቋው የወፍ ስም አለው፤ የትኛዋ ወፍ መቼ እንደምትመጣም ያውቃል። ከየፎቶው ሥር ከላቲኑ ስም በፊት ይህ ይጻፍ። አባቶችና እናቶች ቁጭ ብለው ፎቶውን እያዩ ስሙን ይንገሩን። የወንዙን ዘመን የሚያስታውሱ እነሱ ናቸው፤ እነሱ ካለፉ ወፏ ብትኖር እንኳ ስሟ ይጠፋል።

ካሜራ የለኝም አትበሉ። ከሩቅ በሞባይል የተነሣ ነጠብጣብ የሚያክል መንጋም ከቀኑና ከቦታው ጋር ከተጻፈ ይቆጠራል። ኮንክሪቱን ተዉት፤ መቶ ዓመት ይቆማል፣ ነገም ትደርሱበታላችሁ።