ፊዚክሱ ቀድሞ፣ ካልኩለሱ ተከትሎ

በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 ከመቶ ናቸው። በ2014 ከነበረው 3.3 ከመቶ አንጻር መሻሻል ነው። ያለፈው ተማሪ ግቢ ገብቶ ምን እንደሚገጥመው ግን ብዙም አናወራም። ዛሬ የማነሳው አንዱን ነው፤ ጄኔራል ፊዚክስን።

የፍሬሽማን ትምህርት በ2012 ሲመለስ አገር አቀፍ የጋራ ኮርሶች ተዘጋጁ። ጄኔራል ፊዚክስ ገና ስለ እንቅስቃሴ ሲጀምር ቅጽበታዊ ፍጥነትን በዴሪቬቲቭ ይገልጻል። ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጠው የጋራ የሒሳብ ኮርስ ደግሞ ሎጂክና ስብስብ፣ የቁጥር ሥርዓት፣ ፈንክሽንና አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ነው። ካልኩለስ የለበትም። ኢንጂነሪንግ የሚገቡት አፕላይድ ሒሳብ ላይ ያገኙታል፤ እሱም ዘግይቶ ነው።

"12ኛ ክፍል ተምረውታል እኮ!" ይባላል። መጽሐፉ ላይማ አለ። ግን በክልላችን ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በዘለቀው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ? ስንቱስ ትምህርቱን እያቋረጠ ተፈተነ? መጽሐፍ ላይ መኖሩና ክፍል ውስጥ መማሩ ለየቅል ናቸው።

ውጤቱ ሽምደዳ ነው። ተማሪው አክስለሬሽን ቋሚ ሲሆን ብቻ የሚሠራውን ቀመር፣ አክስለሬሽኑ ሲለዋወጥም ይጠቀምበታል። ለምን እንደተሳሳተ እንኳ አይገባውም። የፍሬሽማን ውጤት ደግሞ ለትምህርት ክፍል ምደባ ይታያል፤ ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ይህን ማስረዳት ግን አይከብድም። ጣና ደጃችን ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ውኃ ያስገባሉ፤ ዝናቡም አለ። በጨራጨራ በኩል ዓባይ ይወጣል፤ በዋሻው በኩል 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ወዳለው ጣና በለስ ይሄዳል፤ ፀሐይም ድርሻዋን ትወስዳለች። የገቢና የወጪው ልዩነት ሐይቁ በዚያች ቅጽበት የሚለወጥበት ፍጥነት ነው። ዴሪቬቲቭ ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱን ከሰኔ እስከ መስከረም ብንደምረው ሐይቁ ስንት እንደጨመረ እናገኛለን፤ ይህ ኢንቴግራል ነው። ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ሆኖ ሳለ ሐይቁ ከፍ የሚለው ከመስከረም ወዲህ ለምንድን ነው? ዝናቡ ቢቀንስም፣ ገቢው ከወጪው እስከበለጠ ድረስ ሐይቁ መሙላቱን ስለማያቆም ነው። ይህ የገባው ተማሪ ፍጥነትንና አክስለሬሽንን አያምታታም።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ፊዚክሱ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ለካልኩለስ መነሻ ብቻ ይሰጥ። "ጊዜ የለም" የሚሉ መምህራን ይኖራሉ፤ ሞጁሉ በእርግጥም የታጨቀ ነው። ግን ሳይገባ ያለቀ ሞጁል አለቀ ይባላል? ፖሊ ቴክኒክ ሲያስተምር፣ ፔዳ መምህራን ሲያሠለጥን ኖረው በ1992 አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። ሁለቱን ልምድ የያዘ ዩኒቨርሲቲ ይህን ለመሞከር ከማን ያንሳል?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ከመቶ ስምንቱን ብቻ አሳልፈን እነሱንም በኮርስ ቅደም ተከተል ካጣናቸው፣ ጥፋቱ የተማሪው አይደለም።