ኤሊ ሰው ትለምዳለች?

ውሻ ያለው ሰው ይህን አይጠይቅም። በሩን ሲከፍት መልሱ ጭራውን እየቆላ ይመጣለታል። ድመት ያላቸውም ቢያንስ የሚከራከሩበት ነገር አላቸው። ግቢው ውስጥ ኤሊ ያለው ቤተሰብ ግን አብሯት ብዙ ዓመት ኖሮም እርግጠኛ አይሆንም። ይህች ድንጋይ ለብሳ የምትዞር ፍጥረት እኛን ከአጥሩና ከጽጌረዳው ትለየን ይሆን? ልጆች ደግሞ ጥያቄ አያሽሞነሙኑም። የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ባለፈው በዓል አጠገቤ መጥታ "ሻለቃ ትወደኛለች?" አለችኝ።

ሻለቃ የእናቴ ግቢ ኤሊ ናት። ስሙን ያወጣላት አባቴ ነው፤ ብረት ቆብ የደፋች ወታደር ትመስላለች ብሎ። ሴት መሆኗ የታወቀው ስሙ ከጸና በኋላ ነው። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር በነበረበት ዘመን ከመንገድ ይዟት መጣ፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ለልጅቷ "አዎ፣ በጣም!" ማለት ይቀል ነበር። ነገር ግን የልጅ ጥያቄ በቁም ነገር ሲጠየቅ በቁም ነገር መመለስ አለበት ብዬ ስለማምን "ጠይቄ እነግርሻለሁ" አልኳት።

ለካስ ጥያቄው ቢያንስ የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሰልቦርን በምትባል መንደር የኖረው ቄስና የተፈጥሮ አጥኚ ጊልበርት ዋይት፣ እ.ኤ.አ. በ1780 አክስቱ ስትሞት ኤሊዋን ወረሰ። አክስቱ በሕይወት ሳለችም ሊጠይቃት ሲሄድ ኤሊዋን ይከታተል ነበርና ያየውን በደብዳቤ ጽፏል። ከ30 ዓመት በላይ የመገበቻት አሮጊት ብቅ ስትል ኤሊዋ እየተንገዳገደች ወደ እሷ ትሄዳለች፤ ለእንግዳ ሰው ግን ደንታ የላትም። ደብዳቤዎቹ እ.ኤ.አ. በ1789 በመጽሐፍ ታትመዋል። የሚገርመው ኤሊዋ ቲሞቲ የሚል የወንድ ስም ነበራት፤ ሴት መሆኗ የተረጋገጠው ከሞተች በኋላ ነው። አባቴ ብቻውን አልነበረም ማለት ነው።

ከዋይት በኋላ ሳይንስ ስለ ኤሊ አእምሮ ለረጅም ጊዜ ብዙም አልተጨነቀም፤ ዝግ ያለ እንስሳ ዝግ ያለ ጭንቅላት አለው ተብሎ ታለፈ። አሁን ነገሩ ተለውጧል። በቪየናና በዙሪክ የእንስሳት ማቆያዎች ግዙፍ ኤሊዎችን ባለቀለም ኳስ እየነከሱ ምግብ እንዲያገኙ ያሠለጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤታቸውን አሳትመዋል። ኤሊዎቹ ከወራት በኋላ ሲፈተኑ አልረሱም። ቪየና ያሉት ደግሞ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ኳሱ ሲቀርብላቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። ዘጠኝ ዓመት! እኔ ያለፈውን ዓመት የኢሜይል የይለፍ ቃሌን አላስታውስም።

በእንግሊዝ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው አና ዊልኪንሰንና ባልደረቦቿም ብቸኝነት ይወዳሉ የሚባሉት ኤሊዎች አንዳቸው ሌላቸውን አይተው የአጥር ዙሪያ መንገድ እንደሚማሩ አሳይተዋል። ይኸው ቡድን አሌክሳንድራ የምትባል ኤሊን ለስድስት ወር ማዛጋት አሠልጥኖ፣ ሌሎቹ እሷን አይተው ያዛጉ እንደሆነ ተመልክቷል። አላዛጉም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሰውን መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እኔን ግን ውጤቱ አሳሰበኝ። ማዛጋት በሰውና በውሻ ዘንድ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል፤ ብዙ አጥኚዎች ይህን የሌላውን ስሜት ከመጋራት ጋር ያያይዙታል። ኤሊ ታያለች፣ ትማራለች፣ ታስታውሳለች፤ ስሜት ግን አይጋባባትም።

ምክንያቱ ከአስተዳደጓ የሚጀምር ይመስለኛል። ውሻ ሰውን የሚወድበት ፍቅር ከእናቱ ጉያ የተማረው ነው። እናት ኤሊ ግን እንቁላሏን መሬት ቆፍራ ትቀብርና ትሄዳለች። ግልገሉ ራሱ ፈልፍሎ፣ ራሱ አፈሩን ገፍቶ ይወጣል፤ የሚያባብለው የለም፣ የሚከተለውም የለም። እንደዚያም ሆኖ ገና ከእንቁላል የወጡና ማንንም አይተው የማያውቁ ግልገሎች ፊት የሚመስል ቅርጽና የተዘበራረቀ ቅርጽ ሲቀርብላቸው ወደ ፊቱ እንደሚሄዱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ሕይወት ላለው ነገር ትኩረት መስጠት አብሯቸው ተወልዷል። መታቀፍን መፈለግ ግን አልተወለደም፤ የሚያስተምራቸውም አላገኙም።

ስለዚህ ኤሊ ለሰው የምትሰጠው ነገር ሌላ ስም ይፈልጋል። እኔ "አለመሸሸግ" ብዬዋለሁ። ቤቷን ተሸክማ የምትዞር፣ በአንድ ትንፋሽ ውስጧ ገብታ መዝጋት የምትችል ፍጥረት፣ እርስዎ አጠገብ ቁጭ ሲሉ አንገቷን አውጥታ ሣሯን ከቀጠለች ብዙ ነገር ተናግራለች።

ችግሩ እኛ ሌላውን ምልክት በውሻ መዝገበ ቃላት መተርጎማችን ነው። ሲነኳት "ሽሽሽ" ስትል ተቆጣች እንላለን፤ ጭንቅላቷንና እግሯን ወደ ውስጥ ስትስብ ከሳንባዋ የሚወጣ አየር ነው፣ ትርጉሙ ፍርሃት ነው። ወንዱ ኤሊ ጫማ በቅርፊቱ ሲገጭ "እየተጫወተ ነው" ብለን ቪዲዮ እንቀርጻለን፤ ጫማውን ወይ ተቀናቃኝ ወይ ሴት አድርጎት ነው። ጥፍሯን ቀይ የተቀባች እንግዳ እግር ሥር የምትሮጥ ኤሊም ሴትዮዋን ወድዳ አይደለም። ኤሊዎች ቀለም ይለያሉ፣ ቀይና ቢጫ በጣም ይስባቸዋል፤ የእግር ጣቷ ቲማቲም መስሏታል። ጠዋት ዓይኗን ጨፍና አልነቃ ስትል ደግሞ አኩርፋ ሳይሆን በርዷት ነው፤ የሰውነቷን ሙቀት የምታገኘው ከፀሐይ ነውና።

ሲያነሷት የምትሸናውም እንዲሁ ነው። ልጆች ይስቁበታል፤ ነገሩ ግን አያስቅም። ከመሬት የሚያነሳት ነገር በተፈጥሮዋ ሊበላት የመጣ አውሬ ብቻ ነው፤ በድንጋጤ የምትለቀው ደግሞ ለድርቅ ያጠራቀመችውን ውኃ ነው። ኤሊን አቅፎ ፎቶ መነሳት ለእሷ ምን እንደሆነ ከዚህ ይረዱ።

በሌላ በኩል እንደ ድንጋይ የምናያት ቅርፊት ድንጋይ አይደለችም። ከአከርካሪዋና ከጎድን አጥንቷ ጋር የተዋሃደች ሕይወት ያላት አካል ናት፤ ጣትዎ ሲያርፍባት ይሰማታል። አንገትና የእግር ሥር በቀስታ ሲታከክላቸው ተነስተው አንገታቸውን የሚዘረጉ ኤሊዎችም አሉ። በጋላፓጎስ ደሴቶች ያሉ ግዙፍ ኤሊዎች ትናንሽ ወፎች መዥገር እንዲለቅሙላቸው ልክ እንደዚያ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የሰው ጣት ያንን የወፍ ሥራ ተረክቦ ይሆናል። ክብር ነው፤ ቅር አይበለን።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ደንበኛ ለምን ተመልሶ እንደሚመጣ ማስረዳት እንጀራዬ ነው። ስብሰባ ላይ "ደንበኞቻችን ይወዱናል" የሚል ስላይድ በታየ ቁጥር "ቅናሹ ቢነሳስ?" የሚል ጥያቄ ውስጤን ይበላኛል። ስለ ሻለቃም ይህንኑ እጠይቅ ነበር። አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቧንቧው ሥር ቁጭ ብሎ ሰላጣ ቅጠል ይሰጣት ነበር፤ እሷም ሰዓቱን ጠብቃ ከግቢው ጫፍ ትመጣለች። ሰላጣው ነው የሚያመጣት እል ነበር።

አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነ። ያኔ ድንኳን ተጥሎ፣ ግቢው በሰው ተሞልቶ፣ ለሻለቃ ሰላጣ ማንም ትዝ አላለውም። ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ እናቴ ያየችው ሻለቃ ቧንቧው ሥር መቆሟን ነው። በማግስቱም መጣች። ለሳምንታት፣ ፀሐይ በወጣ ቀን ሁሉ፣ በዚያው ሰዓት ቧንቧው ሥር ትመጣና ጥቂት ቆማ ትመለስ ነበር። ጎረቤቶች "ሐዘን ላይ ናት" አሉ። የእንስሳት ባህርይ አጥኚ ልማድ ነው ይላል። ይሁን፤ ልማድ ይሁን። ቅናሹ ተነስቶ ስትመላለስ የከረመች ደንበኛ ግን እኔ አላየሁም። እናቴም አንድ ቀን ክርክሩን ትታ ሰላጣ ይዛ ቧንቧው ሥር ተቀመጠች። እስከዚያ ቀን ኤሊዋ "የእሱ" ነበረች።

ኤሊ እንድትለምድዎ ከፈለጉ እናቴ ያደረገችው ይበቃል። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥ። ከላይ የሚመጣ ጥላ ያስደነግጣታል፤ የእግር ኮቴ በመሬቱ ንዝረት ይሰማታል፣ ስለዚህ መሮጥ የለም። ፀሐይ ካሞቃት በኋላ እንጂ በማለዳ ብርድ አይሞክሩ። ምግቡን አስቀምጠው እጅዎን ይሰብስቡ፤ ልምዱ ሲጠነክር ከእጅዎ ትበላለች። ደግሞ እንጀራ፣ ዳቦና የተረፈ ወጥ አይስጡ። ሣር፣ ቅጠላ ቅጠልና የበለስ ቁልቋል ነው ምግቧ፤ ሰላጣ እንኳ ለመተዋወቂያ ያህል ነው።

ልጅ ላላቸው ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኤሊ ጤነኛ ሆና ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች። አሜሪካ ትናንሽ ኤሊዎች እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ1975 የከለከለችው በዚህ የተነሳ ሕፃናት ስለታመሙ ነው። ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ባይነኩ ይመረጣል።

ይህን አንብቦ "አንድ እንግዛ" የሚል ካለ ግን ይቅርብዎ። ኤሊ የዱር እንስሳ ናት። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል። በአገራችን ከሚገኙት ኤሊዎች አንዱ፣ በዓለም የቤት እንስሳ ገበያ እጅግ የሚፈለገው ሱልካታ፣ በዱር የመጥፋት አደጋ ላይ ነው። መንገድ ዳር ያዩትን ማንሳት ከሚያውቀው መሬት መንቀል ነው። ከወላጅ የተወረሰ ካለዎት ስለ አያያዙ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ያማክሩ።

የመሬቱ ነገር አሁን የእኛም ቤት ጭንቀት ነው። ግቢው ሊሸጥ ነው፤ እናቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ትገባለች። ሻለቃ ደረጃ አትወጣም፣ በረንዳም ኑሮ አይሆናትም። ቦታ የተለወጠባቸው ኤሊዎች መጀመሪያ ላይ የቀድሞ ሰፈራቸውን የሚፈልጉ ይመስል ከወትሮው እጅግ አብዝተው እንደሚንከራተቱ በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል። የሰው ልማድ ብቻ ሳይሆን የቧንቧውም፣ የጥላውም፣ የምትተኛበት ጥግም ልማድ አላት። አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል በሴንት ሄሌና ደሴት የሚኖረው ጆናታን የተባለው ኤሊ እ.ኤ.አ. በ1832 ገደማ እንደተፈለፈለ ይገመታል፤ ዓይኑ ታውሮ፣ ማሽተት ተስኖት እንኳ ከአገረ ገዢው ቤት ሜዳ ወዲያ ወዲህ እያለ ይኖራል፤ የሚመግበውን የእንስሳት ሐኪም በድምፁ ያውቀዋል። ከ1882 ጀምሮ ያው ደሴት ነው።

ብዙ ከተወራ በኋላ ሻለቃ ቢሾፍቱ ግቢ ያላት እህቴ ዘንድ እንድትሄድ ተስማምተናል፤ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካልም አቅርበናል። እናቴ ቅድመ ሁኔታ አላት፤ የምትተኛበት ጥግ አፈር በጆንያ፣ የውኃ ገበቴዋና ቧንቧው ሥር ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ አብረው ይጫናሉ። አጥሩም ለመጀመሪያው ወራት ጠበብ ተደርጎ ይሠራል።

ለእህቴ ልጅም መልሱን ነገርኳት። "መውደዷን እንጃ፤ እንድታውቅሽ ማድረግ ግን ይቻላል" አልኳት። ትንሽ አኮረፈችና "ስንት ቀን ይፈጃል?" አለች። ከዚያ ወዲህ ክረምቱን አያቷ ጋ እያሳለፈች፣ ፀሐይ ስትወጣ በ4 ሰዓት ቧንቧው ሥር ትቀመጣለች። ዝም ማለት ለእሷ ከባድ ሥራ ነው። እናቴ በስልክ እንደነገረችኝ በ11ኛው ቀን ሻለቃ ቅጠሉን ጨርሳ አልሄደችም፤ እዚያው ልጅቷ እግር አጠገብ አንገቷን ዘርግታ ተኛች። ልጅቷም እግሯ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀሰችም።