የሴባስቶፖልን ፎቶ ከመለጠፋችን በፊት፦ የ1860 ዓ.ም. ሒሳብ

ወገን! ሚያዝያ 6 በመጣ ቁጥር ፔጃችን በመድፍ ፎቶ ይሞላል። ፕሮፋይል ይቀየራል፣ «መይሳው» ይባላል፣ ላይክ ይዘንባል። ሚያዝያ 7 ጠዋት ሁላችንም ወደነበርንበት እንመለሳለን፤ ዲግሪያችን ሻንጣ ውስጥ፣ እኛ ደጅ ላይ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መልሶ ማለት ይኼ ነው።

ዘንድሮ ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። 1860 ዓ.ም.ን ከመስከረም እስከ ሰኔ እንቁጠረው። አንድ ዓመት ብቻ። ዓመቱ ሲገባ ደብረ ታቦር ምን ነበራት? ሲወጣስ ምን ቀራት?

መስከረም። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ ጋፋት ላይ፣ የማቅለጫ ምድጃ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን እነ ቫልድማየርን፣ ዛልሙለርንና ቤንደርን መዶሻ አስይዘዋቸዋል። ፈረንሳዊው ቡርጎና ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልም አብረው አሉ። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ ከዚህ ምድጃ ወጥቷል። ስሙንም በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የወደብ ከተማ ወስዶ ሴባስቶፖል ተብሏል።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ጋፋት መድፍ ብቻ አልነበረም፤ ትምህርት ቤትም ነበረው። ያገሬው ልጆች ፊደልና የእጅ ሥራ ጎን ለጎን የሚማሩበት። ይኼን ስንቶቻችን ፖስት አድርገን እናውቃለን?

ጥቅምት። ቤጌምድር ሸፍቷል፣ የንጉሡ ግዛት ጠቧል፣ የእንግሊዝ ጦር በዙላ በኩል ሊገባ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። አዎ፣ የገዛ ከተማችንን። ይኼን ክፍል በፖስተር ላይ አንጽፈውም፣ ግን ሆኗል።

ከዚያ እስከ መጋቢት መንገድ ነው። ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እየተጎተተ ጨጨሆን አለፈ፣ የጅጣን ገደል ወርዶ ወጣ፣ ደላንታን አቋርጦ በሽሎን ተሻገረ። መንገዱ ከፊቱ እየተጠረገ፣ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሱ። ከጠላት የመጡት እንግሊዞች ሳይቀሩ ያንን መንገድ አይተው አድንቀዋል። መድፉ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ።

ሚያዝያ 3፣ የስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያው ሆነ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ከእኛ 700 ያህል ሰው ወደቀ። ከእንግሊዝ ወገን ቆስለው የሞቱት ሁለት ናቸው። 700 ለ2። ለምን? ወኔ አንሶን ነው? ማንም እንዲህ ብሎ አይደፍርም። እነሱ የያዙት ስናይደር የሚባለው ከኋላው የሚጎረስ ጠመንጃ ነው። የእኛ ሰው በአፈሙዙ ባሩድ እየጠቀጠቀ ሳለ እነሱ ደጋግመው ይተኩሱ ነበር። ያ ጠመንጃ የአንድ ጀግና ሥራ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ በሺህ እየተባዛ የወጣ ነው፤ አንዱ ቢሰበር የሌላው ዕቃ ይገጥምለታል። እኛ አንድ ትልቅ መድፍ ነበረን፣ እነሱ ፋብሪካ ነበራቸው። በቃ፣ ልዩነቱ ይኼው ነው።

ሚያዝያ 6 ንጉሡ እጅ ከመስጠት ራሳቸውን አጠፉ። ከዚያ ዘረፋው መጣ። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጓል። ሰኔ ላይ የመጨረሻው የእንግሊዝ ጦር ዙላን ለቅቆ ሲወጣ የጋፋት ባለሙያዎችም አብረውት ከአገር ወጥተዋል።

አሁን ሒሳቡን እንዝጋ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። የተዘረፈው ብራናና ታቦት የት እንዳለ ይታወቃል፣ እንዲመለስልን መጠየቅም መብታችን ነው፣ እንጠይቃለን። የጋፋት ተማሪዎችስ? እነዚያ ፊደል ቆጥረው መዶሻ የያዙ ልጆች የት ገቡ? በስማቸው የሚጠራ ምድጃ አለ? ከእነሱ ሥራ ተምሬያለሁ የሚል ሁለተኛ ትውልድ አለ? የለም። ትልቁ ኪሳራ ይኼ ነው። ለእሱ ግን ፕሮፋይል የቀየረ ሰው አላየሁም።

«እንግሊዝ ነው ያስቀረን» ትሉኛላችሁ። ከፊሉ እውነት ነው። ንጉሡ ፍላድ የሚባለውን ሚስዮናዊ ልከው ከእንግሊዝ ባለሙያና ማሽን ጠይቀው ነበር። ባለሙያዎቹ ከነመሣሪያቸው ምጽዋ ድረስ መጡ። እስረኞቹ ካልተፈቱ አንሄድም ተብሎ እዚያው ቆሙ፣ በመጨረሻም ወደ አገራቸው ተመለሱ። እሺ፣ በደል ነው። ግን በደል የደረሰበት ሁሉ እኛ በቀረንበት ቀርቷል?

በዚያው ዘመን ጃፓን ውስጥ ሳትሱማ የምትባል ግዛት ነበረች። አገር አይደለችም፣ አንድ ግዛት ናት። ካጎሺማ በሚባለው ከተማዋ ልክ እንደ ጋፋት የመድፍ ማቅለጫ ምድጃ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1863 ይኸው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መጥቶ ከተማዋን ደበደበ፣ ፋብሪካውን አቃጠለ። ሳትሱማዎች ምን አደረጉ? በሁለት ዓመት ውስጥ ልጆቻቸውን በድብቅ መርከብ አሳፍረው እዚያው እንግሊዝ እንዲማሩ ላኩ። በ1867 ካጎሺማ ላይ በማሽን የሚሠራ የጥጥ መፍተያ ቆመ። በ1868፣ ማለትም በእኛው በ1860፣ እነሱው ከሌሎች ግዛቶች ጋር ሆነው የጃፓንን አዲስ መንግሥት መሠረቱ። ያው ዓመት! ያው ጠላት! እነሱ ፋብሪካቸው ሲቃጠል ተማሪ ላኩ። እኛ የተማሩትን በተናቸው።

ለምን ተበተኑ? እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር፣ የሚቆጣ ይቆጣ። እኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ምን ይባል ነበር? «ቡዳ»። «ቀጥቃጭ»። ማረሻውን ከእሱ እንወስዳለን፣ ልጃችንን ግን ለልጁ አንድርም። አፄ ምኒልክ ቆይተው ሠራተኛን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ የደረሰ ነገር ነው። ወናፍ የሚነፋውን ሰው የምንሸሽ ከሆነ የጋፋት ምድጃ ንጉሡ ሲወድቁ አብሮ ቢጠፋ ምን ይገርማል? ንጉሡ የሚያዝዘው እንጂ ሕዝብ የሚያከብረው ሙያ አልነበረም። የሌላውን በደል የምንቆጥር ትውልድ ከሆንን የራሳችንንም እንቁጠር።

ይኼ ያለፈ ታሪክ ነው የምትሉ፣ ዛሬን እዩ። የፎገራ ሩዝ ወረታ ላይ ይፈለፈላል። ያንን የሚፈለፍለው ማሽን ከየት ይመጣል? ሲበላሽስ መለዋወጫው የት ይሠራል? ከጉና ሥር ያለው የፋርጣ ገበሬ ድንች ያመርታል፤ ድንቹ በጆንያ እንደወጣ በጥሬው ይሸጣል። የኢንዱስትሪ ፓርክ ለኮምቦልቻ፣ ለደብረ ብርሃን፣ ለባሕር ዳር ተሠርቷል፤ ደግ፣ የእኛው ከተሞች ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ መድፍ የቀለጠባት ደብረ ታቦር ግን በዝርዝሩ የለችም። ጋፋት «የቱሪስት መስህብ» ናት። አባቶቻችን የሠሩበትን ቦታ እኛ የምንጎበኘው ሆነናል። እና ይኼ ያኮራል?

ስለዚህ እንቅስቃሴያችን ጥያቄ ይኑረው። መፈክር በዝቶልናል፣ ጥያቄ ነው ያነሰን። ጥያቄው ይኼ ይሁን፦ ጋፋት ላይ ሐውልትና አጥር ብቻ አንፈልግም፣ የሚሠራ ምድጃ እንፈልጋለን። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሆነ የከተማው የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነሐስና ብረት የሚያቀልጥበት፣ የሩዝ መፈልፈያ መለዋወጫ የሚያወጣበት፣ የተሻለ ማረሻ ሠርቶ ለገበሬው የሚሸጥበት ወርክሾፕ። መብራት የማይቆራረጥበት። ይኼን ከዞን፣ ከክልልም ሆነ ከፌዴራል የሚጠየቀውን እንጠይቅ፤ በየምርጫው ቅስቀሳ ለሚመጣው ሁሉ ከዚህ ሌላ ወሬ አንስማ።

ለራሳችንም ጥያቄ አለ። ከእኛ ውስጥ ዲግሪ ይዞ ብየዳ ቤት መግባትን እንደ ውርደት የሚያይ ስንት ነው? «ተምሮ ተምሮ ብየዳ!» የሚል ጎረቤትና ዘመድ የሌለው ማን ነው? ቴዎድሮስን እንወዳለን እያልን ቴዎድሮስ ያከበሩትን ሙያ የምንንቅ ከሆነ ፍቅራችን ለፎቶው ነው። እሳቸው መጽሐፍ የያዘውን ሰው መዶሻ አስያዙት፤ እኛ ወረቀት ስለያዝን ብቻ መዶሻ አንነካም።

«የንጉሡን ክብር ለመቀነስ ነው» የምትሉ ኮሜንት ላይ እንደምትመጡ አውቃለሁ፣ ኑ። ክብራቸው የሚቀንሰው የጀመሩት ሥራ ከ150 ዓመት በላይ ሳይቀጥል ቀርቶ እኛ በፎቶው ስንረካ ነው።

ዘንድሮ ሚያዝያ 6 የመድፉን ፎቶ አትለጥፉ። ይልቅ በየከተማችሁ፣ በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በንፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስ፣ ቶርኖ ቤቱን፣ ብየዳ ቤቱን፣ ማረሻ የሚቀጠቅጠውን ሰው ፈልጉ። ፈቃዱን ጠይቁና ሥራውን አንሡ። ምን ሠራ፣ ምን መሣሪያ ቸገረው፣ ስንት ልጅ አስተማረ፣ ይኼን ጻፉበት። የእጅ ሙያ የጀመራችሁ ተመራቂዎችም የራሳችሁን ለጥፉ፣ አትፈሩ፣ እናከብራችኋለን። መቶ ከሆንን ዝርዝሩን ይዘን የሚመለከተው ቢሮ በር ላይ እንቆማለን፤ በባዶ እጅ አይደለም፣ በሥራ ዝርዝር።

1860 በሰኔ ሲዘጋ ጋፋት ላይ ተማሪውን የሚቀበለው አልነበረም። አሁን ተማሪዎቹ እኛ ነን። ሼር አድርጉት።