ልጆቻችን ተጠቃሚ ብቻ ሆነው አይቅሩ



በዕብራይስጥ «ቢና መላኹቲት» የሚባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዛሬ በየቤታችን ገብቷል። ልጆች የቤት ሥራ ይሠሩበታል፣ ወላጆችም ከመሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ያስተረጉሙበታል። መጠቀሙ መልካም ነው። ሆኖም ተጠቃሚው ሌላ፣ ሠሪው ሌላ ነው። ልጆቻችን ከሠሪዎቹም መካከል መገኘት አለባቸው።

«ይህ የሊቆች ሥራ ነው» የሚሉ ወላጆች አሉ። አይደለም። በተለመደው ፕሮግራም ሰው ለኮምፒውተሩ ትእዛዙን አንድ በአንድ ይጽፍለታል። በዚህኛው ግን ብዙ ምሳሌ ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩ ይገምታል፤ ከትክክለኛው መልስ ምን ያህል እንደራቀ ይሰላል፤ በውስጡ ያሉት ቁጥሮች ጥቂት ተስተካክለው እንደገና ይገምታል። ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ሀ ሁን በመደጋገም እንደሚለየው ነው። ጀማሪዎች ከሚለማመዱባቸው አንዱ በእጅ የተጻፉ ቁጥሮችን ማስለየት ሲሆን፣ ለመማሪያ 60,000፣ ለመፈተኛ 10,000 ምስሎች በነፃ ይገኛሉ።

መነሻው ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ብዙዎቻችን በዘመቻ ሰሎሞን በመጣንበት በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን ዛሬም ክፍያ የለውም። ኃይለኛ ኮምፒውተር የሌለውም በጎግል ኮላብ አማካይነት በኢንተርኔት ሊሠራበት ይችላል። «ማሽኑ ራሱ ፕሮግራም ይጽፍ የለም ወይ?» ለሚሉን መልሳችን፦ ይጽፋል፣ ይሳሳታልም፤ ስህተቱን ለይቶ የሚያርመው ግን የተማረ ሰው ነው።

ከፓይተን ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳብ ነው፤ የወላጅ ድርሻም እዚህ ላይ ነው። የባግሩት ሒሳብ በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሒዶት ይሰጣል። ልጁ የቱን እንደሚይዝ መወሰን የሚጀምረው ገና ከፈተናው በፊት፣ በሃክባጻ ሲመደብ ነው። በ3 የሒዶት የጨረሰ ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት የሚገባበት መንገድ ይጠብበታል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ዝም አንበል። ዕብራይስጥ ቢያስቸግረን አስተርጓሚ ይዘን እንሂድ። ልጄ በየትኛው ሃክባጻ ነው? ወደ ላይ ለመውጣት ምን ይጎድለዋል? ማን ያግዘዋል? ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል።

እነዚህ ማሽኖች በብዛት ካላነበቧቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ በአማርኛ የሚሳሳቱትም ስለዚህ ነው። ያንን የሚያቃናው ቋንቋውንም ሒሳቡንም የሚያውቅ ልጅ ነው። አማርኛውን በቤት እናስተምር፤ ሒሳቡን ከትምህርት ቤቱ እንጠይቅ።