ሽማግሌዎቻችን፣ ይህ የእርቅ ጉዳይ አይደለም

ወገኖቼ፣ ረጅም ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። በተለይ እዚህ ናይሮቢ ልጅ ይዛችሁ የምትኖሩ፣ በተለይ ደግሞ ለእሁዱ ስብሰባ የተጠራችሁ።

ጉዳዩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ስለ ልጅቷ ምንም አልናገርም። ስሟን ወይ ሰፈሯን ኮሜንት ላይ የሚጽፍ ሰው ብሎክ ይደረጋል። 13 ዓመቷ ነው፣ ይኸው ይበቃል። ሰውየው የኛው ሰው ነው፤ ከለቅሶም ከሠርግም የማይቀር፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበር የሚያቀርብ። ለወራት በቴሌግራም ሲጽፍላት ቆይቷል። እናቷ ስልኩን ከፍታ ስታይ ጮኸች። ሽማግሌዎቹስ ምን አሉ? «ነገሩ በውስጣችን ይለቅ። ይቅርታ ይጠይቅ፣ ትንሽ ካሳ ይስጥ። ልጅቷም ስልኩን ትነጠቅ።»

የምትነጠቀው እሷ ናት። የሱ ስልክ ኪሱ ውስጥ ነው።

እናቷ መልእክቶቹን ስታሳየኝ መጀመሪያ ላይ አንድም የሚያስነውር ቃል አላገኘሁም። «ትምህርት እንዴት ነው? በላሽ? እኔ እኮ እንደ ወንድምሽ ነኝ።» ክሬዲት ላከላት። ቀጥሎ እናቷ ከሥራ በስንት ሰዓት እንደምትገባ፣ ስልኩን ሌላ ሰው ይነካው እንደሆነ ጠየቃት። ቀጥሎ «ይህ በኔና ባንቺ መካከል ይቅር» አላት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

ይህ የሱ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ አገር የሠራችው ተመራማሪ ራሼል ኦኮኔል በ2003 መንገዱን ጽፋዋለች፦ መጀመሪያ ጓደኝነት፣ ከዚያ ቅርበት፣ ከዚያ «ማን ያየናል?» የሚል ስለላ፣ ከዚያ «ካንቺ በቀር ማንም አይገባኝም»፣ መጨረሻ ላይ የወሲብ ወሬ። ሁሉም በዚህ ተራ አይሄዱም። በ2012 የወጣ የአውሮፓ ጥናት እንግሊዝ ውስጥ የተፈረደባቸውን 33 ወንዶች ቁጭ አድርጎ ጠይቋል። አንዳንዱ ቸኩሎ ለብዙ ልጆች የሚልክ ነው። አንዳንዱ ግን ረጅም ጊዜ የሚያወራ፣ «ፍቅረኛዋ ነኝ እንጂ ምን በደልኳት» ብሎ ራሱን ያሳመነ ነው። በአሜሪካም በ2008 ዎላክ፣ ፊንክልሆርና ሚቸል ያወጡት ጽሑፍ አብዛኞቹ ትልቅ ሰው መሆናቸውን ከልጆቹ እንደማይደብቁ አሳይቷል።

እንግዲህ «ከማታውቂው ሰው ጋር አታውሪ» ብለን ያሳደግናት ልጅ ምን ታድርግ? ታውቀዋለች! ቡና ስናፈላ ቤታችን ይመጣል። ኢንተርፖል፣ ዩኒሴፍና ኤክፓት ኬንያ፣ ኡጋንዳና ኢትዮጵያ ውስጥ ባስጠኑት ጥናት፣ አጥፊው ብዙ ጊዜ ልጁ ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ሆኖ ተገኝቷል። በ2022 የወጣው የኢትዮጵያው ሪፖርት ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ልጆች 10 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ከባድ የሆነ የወሲብ ጥቃት ወይም ብዝበዛ በኢንተርኔት እንደደረሰባቸው ይገምታል። ለፖሊስ ወይም ለስልክ መስመር የሚናገሩት ደግሞ በጣም ጥቂት ናቸው። ለምን እንደማይናገሩ የሚጠይቀኝ ሰው እሁድ መጥቶ ስብሰባችንን ይይ።

እኛ ስደተኞች ደግሞ አንድ ተጨማሪ መንጠቆ አለብን፤ ፕሮሰስ። «ካናዳ ስፖንሰር የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ፣ እናትሽንም አስወጣታለሁ» ሲባል፣ ልጅቷ ዝም የምትለው ስለ ራሷ ብቻ አይደለም። የቤተሰቧን ዕድል እንዳታበላሽ ነው። እናት ደግሞ ሰው ቤት ልብስ አጥባ ማታ ነው የምትገባው። ጥናቶቹ ብቸኝነት ያለበት ልጅ ይበልጥ ይጋለጣል የሚሉትን ሰውየው ሳያነበው ያውቀዋል። እናቷን የምትወቅሱ ግን ከኔ ጋር አትጀምሩ። የቤት ኪራዩን እናንተ ክፈሉላት፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ባለፈው ስጽፍ አንድ ወንድሜ «እነዚህን አውሬዎች ምን ያስጠናል፣ መቅጣት እንጂ» ብሎኝ ነበር። ይቀጡ፣ እኔም አብሬህ ነኝ። ግን አውሬ አውሬ ስንል ነው በዓይናችን ጥፍርና ቀንድ የምንፈልገው። ወንበር የሚያቀርበውን ሰው ያለፍነውም ለዚህ ነው። ማወቅ ሳይደርስም ለመከልከል ይጠቅማል፦ በርሊን የሚገኘው ሻሪቴ ሆስፒታል ከ2005 ጀምሮ በልጆች የሚሳቡና ራሳቸውን የሚፈሩ ሰዎችን በምስጢር ያክማል። እንግሊዝም ከ2002 ጀምሮ ለዚሁ የስልክ መስመር አላት። እኛ ጋ ያለው መከላከያ ስልክ መንጠቅ ነው። ስልኳ የተነጠቀባት ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ አትናገርም።

ሽማግሌዎቻችን፣ አከብራችኋለሁ። እኔና ባለቤቴን ያስታረቃችሁ እናንተ ናችሁ። ባልና ሚስት ግን ሁለቱም ትልቅ ሰዎች ናቸው። እዚህ ከማን ጋር ነው ማንን የምታስታርቁት? በ2022 የወጣው የኬንያ የሕፃናት ሕግ ልጅን በኢንተርኔት ማባበልን ወንጀል ብሎታል። ካሳ ተቀብሎ የሚዘጋ ፋይል አይደለም። ዛሬ 20 ሺህ ሽልንግ ከፍሎ የወጣ ሰው ነገ የማንን ልጅ «በላሽ?» እንደሚል አስቡት። ሌላ ሰፈር ሄዶም ወንበር ያቀርባል።

የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ መልእክቱን አታጥፉ፣ የልጁን ፎቶ ግን ለማንም ፎርዋርድ አታድርጉ፤ ለኔም ቢሆን። ልጁን አትምቱ። ኬንያ ውስጥ 116 ደውሉ፣ ነፃ ነው። ካምፓላ ያላችሁም ቁጥሩ ያው 116 ነው። ቋንቋ ካስቸገራችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አብሬ እደውላለሁ።

የልጅቷ እናት ፖሊስ ጣቢያ ለመሄድ ወስናለች፣ ሰኞ ጠዋት አብሬያት እሄዳለሁ። እሁድ ስብሰባው ላይም እገኛለሁ። የእርቅ ወረቀቱ ላይ ግን ፊርማዬን አትጠብቁ።